በተወካይ የተሠራ ፊልም

ቡታጅራ ውስጥ ሦስት ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር እንሥራ ካለ መጀመሪያ የሚያሠራው ማኅተም ነው። እኛ አሥራ አንድ ስለነበርን ማኅተሙም፣ መተዳደሪያ ደንቡም፣ ሊቀመንበሩም ከፊልሙ ቀድመው ተወለዱ። ልንሠራ ያሰብነው የሰባት ደቂቃ የአኒሜሽን ፊልም ነበር። የምንሠራበት ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አውርዶ እንደልቡ የሚጠቀምበት ነው። ፊልሙም እንደዚያው እንዲሆን ነበር ሐሳቡ፤ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ እያንዳንዷ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ትቀመጥና ከየትም አገር ያለ በጎ ፈቃደኛ ገብቶ ይጨምርበታል፣ ያስተካክለዋል። ይህን ሐሳብ ወልቂጤ በተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ሰምቼ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ረስቼው ብወርድ ኖሮ ብዙ ሰው ባረፈ ነበር።

እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ወላጆቼም መምህራን ነበሩ፤ ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚሁ ወለዱኝ። ቡታጅራን ከማንም እኩል አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር። ሊቀመንበራችን ደግሞ የአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ባለቤት ነው። አምስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ከአምስቱ ሦስቱ ይሠራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሲሞቀው ይጠፋል። ሰውየው የሁለት እድር ሰብሳቢ ስለሆነ ዓለም በሙሉ በእድር ደንብ የሚተዳደር ይመስለዋል። ፊልም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ደንብ አርቅቁ አለን። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ፤ ደንቡን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ከአንቀጾቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ አባሉ በተራው መገኘት ካልቻለ ተወካይ ይልካል፤ ተወካዩ የሠራው ሥራ እንደ አባሉ ሥራ ይቆጠራል።

ለድንኳን ተከላ ቢሆን ጥሩ ደንብ ነው። ድንኳን ማን እንደተከለው አይታይበትም። እኛ ግን ለፊልም አዋልነው፤ አሥራ አንድ የተማርን ሰዎች እጃችንን አውጥተን በሙሉ ድምፅ አጸደቅነው።

ውጤቱን ለማየት ብዙ አልቆየንም። በመጀመሪያው ወር ሁሉም በተራው መጣ፤ መጥቶም ኮምፒውተሩ ፊት ፎቶ ተነሣና ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። በሁለተኛው ወር ተወካዮች መምጣት ጀመሩ። አንዱ የሱቅ ሠራተኛውን ላከ፤ ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንቅልፏን ስትጨርስ ሄደች። ሌላው አጎቱን ላከ። እኚህ ሰው በትሕትና ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ኮምፒውተሩን በጣታቸው እንኳ ሳይነኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ፈርመው ወጡ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን አየና «ተገኝቷል» ብሎ ምልክት አደረገ። የውጭዎቹ በጎ ፈቃደኞች በበኩላቸው «ሥራው የት ደረሰ?» እያሉ ይጽፉልናል። እኔም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። አሥራ አንድ ሰው መዝገብ ላይ ሲፈርም አንድ ሴኮንድ ፊልም አልወጣም ነበርና ውሸቴን ነው።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንዲት ሴት በዓል ደርሶባታል፤ ልጆቿ ከየከተማው ሊመጡ ነው፤ ቆጮ ማድረስ አለባት። ጓሮዋ ወርዳ እንሰት ትቆርጣለች፣ ትፍቃለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች፣ ልጆቿም ይመጣሉ። በዚህች ታሪክ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ግማሹ በዓሉ መስቀል ይሁን አለ፤ ግማሹ አረፋ ይሁን አለ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አስታራቂ ሐሳብ አመጣና በዓሉ ስም የሌለው ሆነ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣለት፣ ነገር ግን ማንም አክብሮት የማያውቅ በዓል ፈጠርን። ጥበብ በኮሚቴ ሲሠራ እንዲህ ነው።

የፊልሙ ልብ ሴትየዋ እንሰት የምትፍቅበት ክፍል ነው። ያንን ማንም ስላልደፈረው እኔ ወሰድኩት። አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እዚህ አገር ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ጓሮ ወንድ ዝር አይልም። ነውር ነው። የሄደ ወንድ ቢኖር ሸምግሎም ይሳቅበታል። ስለዚህ ክትፎ ቤት ገብተን ቆጮውን በሁለት ጉንጫችን የምንጎርስ አሥራ አንድ ወንዶች፣ ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ አንዳችንም በዓይናችን አላየንም። አለማወቃችንን ግን አላወቅነውም። ሴት፣ ጣውላ፣ መፋቂያ፤ ከዚህ በላይ ምን አለው? እኔ ጠያቂ መሆን አልፈለግሁም። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን አናጺ ሳንቃ ሲልግ ሁለት ቀን ቆሜ አየሁትና ያንኑ እንቅስቃሴ ለሴትየዋ ሰጠኋት። ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ወደፊት እየገፋች። አኒሜሽን ማለት በአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል ነው፤ ለዚህች አናጺ ለሆነች ሴት ሃያ ቀን ፈጀሁላት። ለአባላቱ ሳሳያቸው አጨበጨቡ። «ሕይወት አለው!» አለ ሊቀመንበሩ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ የሞባይል መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። መልኩ የሚያምር፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ የመስቃን ልጅ ነው፤ በየስብሰባው ተነሥቶ «ይህ ታሪካዊ ሥራ ነው» ይላል። ታሪካዊው ሥራ የሚሠራበት ቀን ሲደርስ ግን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በእሱ ተራ ሚስቱ መጣች።

ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሱቁ ውስጥ የተሰበረ ስክሪን የምትቀይረው እሷ መሆኗን አውቅ ነበር፤ የእኔንም ቀይራልኛለች። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ ገባችና ባሏ የላካት መሆኑን ነገረችኝ። እኔም እንደ አጎትየው ትቀመጣለች ብዬ ወንበር አሳየኋት። አናጺዬ ስክሪኑ ላይ እየተመላለሰች ትገፋለች። የነጋዴው ሚስት ትንሽ ካየች በኋላ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይቺ ሴት በር እየሠራች ነው?»

ደሜ ፈላ። «እንሰት እየፋቀች ነው» አልኩ፤ ለተማሪ በምመልስበት ድምፅ።

«እንሰት ቆሞ አይፋቅም። መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ጣውላው ፊቷ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ከግንዱ የተላጠውን ከላይ በአንድ እግሯ ተረከዝ ይዛ ወደ ታች፣ ወደ ራሷ ነው የምትፍቀው። እግሯ ካልያዘው ማን ይይዘዋል?»

ማን ይይዘዋል? ሃያ ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር። ሥዕሌ ውስጥ የያዘው ማንም አልነበረም፤ በአየር ላይ ተጣብቆ ነበር የሚፋቀው። «እስቲ አንቺ አሳዪኝ» አልኳት፤ ላሳፍራት ብዬ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደማታሳየኝ አውቃለሁ። እሷ ግን «ይህን በምንድን ነው የሚያንቀሳቅሱት?» ብላ ማውሱን ያዘችው።

በሚቀጥለው ሳምንትም ባልየው ዕቃ ሊያመጣ ሄደ። በሚቀጥለውም። በተራው ብቻ ሳይሆን ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል እየተነሣች ትመጣ ጀመር። ሶፍትዌሩ ውስጥ ገጸ ባሕሪ የምትንቀሳቀሰው በተሰጣት አጥንት ነው፤ የጉልበት አጥንት፣ የቁርጭምጭሚት አጥንት እያልን ነበር የምናስተምረው። እሷ ስሙን ሳትሸመድድ ገባት። ስልክ ፈትታ የምትገጥም ሴት ናት፤ የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚጎትት ለማየት አስተማሪ አያስፈልጋትም። አናጺዬን ሙሉ በሙሉ ደመሰሰቻት። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አርባ ሴኮንድ ሠራች። ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ተረከዟ ጣውላው ራስ ላይ ይጫናል፤ የእግሯ ጣቶች ይከፈታሉ፤ ከዚያ መላ ሰውነቷ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ውሃው በጣውላው ላይ ይወርዳል። ድካሟ ከወገቧ ነበር የሚታወቀው። ቅር እያለኝም ቢሆን እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ሠርቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልሠራም።

አባላቱ አዩት። ሊቀመንበሩ «እኔ ያኛው የበለጠ ኃይል ነበረው እላለሁ» አለ። አንደኛው ደግሞ የሴትየዋ እግር ብዙ ይታያል ብሎ ተቃውሞ አስመዘገበ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ።

የውጭዎቹም ከእኛ አይሻሉም። ከመካከላቸው አንዱ ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው በጎ ፈቃደኛ ገብቶ በእንሰቱ ሁሉ ላይ የሙዝ ዘለላ ሰቀለበት። በማለዳ ስከፍተው የሴትየዋ ጓሮ ቢጫ ሙዝ በሙዝ ሆኗል። ሥሩ «ዛፎቹ ባዶ ስለመሰሉኝ ነው» ብሎ ጽፏል፤ ከፈገግታ ጋር። ስለማያውቁት ነገር እጃቸውን ስለሚያስገቡ ሰዎች ረዥም ቁጣ ጻፍኩለት። የነጋዴው ሚስት ከጎኔ ሆና የምጽፈውን እንድነግራት ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ምስኪን፤ እሱ እንኳ አይቶ አያውቅም» አለች። ያ «እንኳ» ያለችው ለማን እንደሆነ ስለገባኝ ደብዳቤውን አልላክሁትም፤ ሙዙን ብቻ አጠፋሁ።

አንድ ቀን ሥራዋን እየዘጋች ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ሲያልቅ ስሜ ይወጣል?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚያ በክፍት ፊልም ሠሪዎች ዓለም ዲፕሎማ የሚጠይቅ የለም። ፊልሙን ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይቀጥለዋል፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሠራውን ሰው ስም እንዳይፍቅ። ለሚቀጥለው ፊልም ሰው ሲመርጡም የሚያዩት በፊልሙ መጨረሻ የሚወጣውን የስም ዝርዝር ነው። ስሙ የወጣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከትልልቆቹ ጋር ይሠራል፤ እነሱም ያስተምሩታል። ይህን ያስረዳኋት ራሴ ነኝ። እሷ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ከስክሪን መቀየር ሌላ የሚያስገባት በር ይህ ብቻ ነበር። ስትጠይቀኝ ፊቷ ላይ ይህ ሁሉ ይታያል።

«እናያለን» አልኳት።

የምናየው ነገር አልነበረም። የምትሠራው በባሏ አካውንት ነበር፤ ተወካይ አካውንት አይከፈትለትም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የውጭዎቹ አስተባባሪ በቪዲዮ ሊያነጋግረን ፈለገ። አርባውን ሴኮንድ አይቶት ነበርና ሌላ ወሬ የለውም። ሊቀመንበሩ በሙሉ ልብስ መጣ። ባልየው ያን ቀን አዲስ አበባ አልሄደም፤ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሽቶ ነስንሶ፣ ካሜራው ፊት ተሰየመ። ሚስቱን ከካሜራው ውጭ፣ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀመጣት፤ ቢጠየቅ ታስታውሰዋለች። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ እንግሊዝኛ በቅጡ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም።

አስተባባሪው ጢማም ሰው ነው። የእሱ ድመት ኪቦርዱ ላይ ትንጎራደድ ነበር፤ ከሊቀመንበራችን የሃያ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር ይልቅ የእሷ መንጎራደድ ቁም ነገር ነበረው። ንግግሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተርጉሜ ጨረስኩት።

«ይህን እግር ያንቀሳቀሰው ማነው?» አለ ሰውየው።

ተረጎምኩ። ሊቀመንበሩ በእጁ ባልየውን አሳየ። ባልየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ነኝ» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ከእጅና ከእግር የትኛውን አስቀድሞ ነው የሠራው?»

ባልየው ወደ ጎን አየ። እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተረከዙ መጀመሪያ ይጫናል፤ እጁ ያን ተከትሎ ነው የሚመጣው» አለች። እሱ ደገመው። እኔ ተረጎምኩት። ሰውየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ጻፈ። እንዲህ እያልን አምስት ስድስት ጥያቄ ሄድን፤ እሷ ታንሾካሹካለች፣ እሱ ያውጃል፣ እኔ አሳምራለሁ። አንዲት ሴት እውነት ስትናገር ሁለት ወንዶች ተጋግዘን ውሸት አደረግነው። በመጨረሻ አስተባባሪው ብዕሩን አስቀመጠና እንዲህ አለ፤ ለሚቀጥለው ፊልም የሰውን እንቅስቃሴ የሚመራ ሰው እንፈልጋለን፤ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ዓይን ከየት አገኘ? እንዴት አወቀው?

ይህን ተርጉሜ ስጨርስ ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ ግን እሱን አላየችም። እኔን ነበር የምታየው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። የሠራችው ሚስቱ ናት፣ እዚሁ አጠገቡ ተቀምጣለች። እንግሊዝኛውን አጠገቤ ካሉት የሚረዳው አልነበረም፤ ብናገረው ኖሮ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ባልየውም ያመሰግን ነበር። የሚያስፈራ ነገር ስለነበር አይደለም ያልተናገርኩት። ቀንቼ ነበር። ሃያ ቀን የለፋሁባትን ሴት በር ትሠራለች ብላ ስትስቅ የተንቀጠቀጠው ትከሻዋ ከልቤ አልወጣም ነበር። ስለዚህ አፌን ከፍቼ፣ ማንም ያልነገረኝን ከራሴ አወጣሁ፦ እናቱ ሥር ቁጭ ብሎ እንሰት ስትፍቅ እያየ ነው ያደገው አልኩት። ሰውየው ልቡ ተነካ። ድመቷን አቀፋት።

ጥሪው ሲዘጋ ወንዶቹ ተጨባበጡ፤ ለምሳ እየተጠራሩ ወጡ። እሷ ሻርፗን እያስተካከለች ቆየች። በእንግሊዝኛዬ መሃል ያለፈችውን «ማዘር» የምትለዋን ቃል ቡታጅራ ውስጥ የማያውቃት የለም።

«ቲቸር፣ የማን እናት ናት ያነሷት?»

«ለማሳጠር ብዬ ነው» አልኳት።

«አሳጠሩት» አለችና ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላም መጣች፤ ይህ ነው ያልገባኝ። የቀረውን ክፍል፣ የቆጮውን መቀበር፣ የልጆቹን መምጣት ጨረሰችው። ከእኔ ጋር ከሰላምታ በስተቀር አላወራችም። ከአራት ወር በኋላ ፊልሙ አለቀ፤ የስሙን ዝርዝር መዝገቡን እያየሁ አስገባሁ። ኮፍያቸውን አውልቀው የተቀመጡት አጎት የወንድማቸውን ልጅ «ረዳት አኒሜተር» አድርገውታል። የባልየው ስም ከሁሉም በላይ፣ ብቻውን፣ በትልቅ ፊደል ወጣ።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመረቀ። ሊቀመንበሩ ወንበር ከእድሮቹ አስመጣ፤ የወንበሮቹ ጀርባ ላይ የእድሩ ስም በቀለም ተጽፎ ነበርና አዳራሹ የለቅሶ ቤት መሰለ። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ተቀመጡ። የባልየው እናት ከገጠር በባጃጅ መጥተው ከፊት ረድፍ ላይ ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ሰው የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ምራታቸው ከጎናቸው ተቀምጣለች።

ፊልሙ ሲጀመር ወንዶቹ ያወሩ ነበር። እንሰት የሚፋቅበት ክፍል ሲደርስ በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ ዝም አለ። ከኋላ አንዲት ሴት በጉራግኛ አንድ ነገር አለች፤ ሌላዋ መለሰችላት። አጠገቤ ያለውን ሰው ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። «ይቺስ ፍቃ የምታውቅ ናት ይላሉ» አለኝ። ሲያልቅ ያጨበጨቡት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ተከተሉ።

ሊቀመንበሩ እዚህ ላይ ቢተወው ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ነገር ግን መድረክ ካየ አይምርም። የውጭዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ስለ ፊልሙ የጻፉትን በሌላ ሰው በአማርኛ አስተርጉሞ አሳትሞት ነበር፤ ማይኩን ነጠቀና ማንበብ ጀመረ። ባልየውን በስሙ ጠርቶ አስነሣው። «ይህ ወንድማችን» አለ ድምፁን ሞቅ አድርጎ፣ «ይህን ጥበብ ያገኘው ከየትም አይደለም! ከልጅነቱ ጀምሮ ጓሮ ወርዶ፣ ከእናቱ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እንሰት ሲፋቅ እያየ ነው ያደገው!»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ የቀኙ ወገን በሙሉ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እንባ የሚያስወጣ፣ ወንበር የሚያስይዝ ሳቅ። «ነገ የእኔ ጓሮም ይምጣልኝ!» አለች አንዷ በአማርኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «መፋቂያውን ይዞ ይምጣ!» አለች ሌላዋ። ወንዶቹም ማጨብጨባቸውን ትተው መሳቅ ጀመሩ። ባልየው ቆሞ ቀረ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር።

እናትየው ተነሡ። ሳቁ ቀነሰ።

«ማነው ይህን ያለው?» አሉ። «እኔ ወንድ ልጄን እንሰት በሚፋቅበት አስቀምጬ? ወላሂ! ጓሮ ዝር ሲል በልምጭ ነበር የማባርረው። ማነው እኔን እንዲህ ያለኝ?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አንተ» አሉት ልጃቸውን፣ «ሴት ስትፍቅ ቁጭ ብለህ ታያለህ?»

«ኧረ እማ፣ እኔ አይደለሁም!» አለ ባልየው። ድምፁ ቀጠነ። «ወላሂ እኔ ነክቼው አላውቅም! እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አላውቀውም! እሷ ናት የሠራችው! ሁሉንም እሷ ናት!»

እንዲህ ነው እውነቱ የወጣው። ሥራዋን ለወራት ሲለብሰው የኖረው ሰው፣ ለሚስቱ አስቦ ሳይሆን እንደ ነውር ከላዩ አሽቀንጥሮ ጣለው። ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተነሣችም። ስክሪኑ ላይ የቆመውን የስም ዝርዝር ታነብ ነበር።

ሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ማኅበሩ ክብር አንድ ሰዓት ተናገረ። ባልየው ሕመም ገጥሞት አልመጣም፤ ተወካይም አልላከም። አንቀጹ ተሻሻለ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ማኅተም ተመታ፤ የሚስቱ ስም እንዲገባ ተወሰነ። ውሳኔውን የማደርሰው እኔ ጸሐፊው ሆንኩ። ፋይሉ ክፍት ነውና ስም መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ መሆኑን ከብዙ ወር በፊትም አውቅ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች፤ የአንድ ስልክ ሆድ ተከፍቶ ፊቷ ተኝቷል። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ስምሽን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ነው የምትጽፊው ብዬ ወረቀት ዘረጋሁላት። መቆንጠጫዋን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ስሟንና የአባቷን ስም በቀስታ ጻፈች። ለማንም አላሳየችውም እንጂ ብዙ ጊዜ የተለማመደችው ጽሕፈት ነበር።

ወረቀቱን ስቀበላት መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ይቅርታ ሳልጠይቅ ይቅርታ ማግኘት የምፈልግ ሰው ነኝ።

«እኔም ልናገር አስቤ ነበር እኮ» አልኳት። «ያን ቅዳሜ። ጊዜው አልመች ብሎኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እሱ እውነቱን እስኪናገር ሰው ሁሉ ሊስቅበት ግድ ሆነ» አለች። «እርስዎ ግን ቲቸር፣ ያን ቀን የሚስቅብዎት አልነበረም። የሚሰማዎትም አልነበረም።»

ከኋላዬ አንድ ደንበኛ ገብቶ ቆመ።

«የራሴን አካውንት ከፍቼ ለውጭዎቹ ጻፍኩላቸው» ብላ ቀጠለች፤ መቆንጠጫዋን እያነሣች። «መልስ ሰጥተውኛል። ቅዳሜ ሊያነጋግሩኝ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መጥታለች፤ እሷ ታስተረጉምልኛለች። እርስዎ አይድከሙ።»

ከዚያ በትከሻዬ በኩል አሳልፋ ወደ ደንበኛው አየችና «ምን ልታዘዝ?» አለችው።